ሁለት ኢንተርኔት ያለው ቤት

«እትዬን እንግዳው ላይ ነው ያደረግኳቸው። ቤተሰቡ ውስጥ ላስገባቸው አልፈለግኩም።»

ሰፊዋ ይህን የሰማችው ኮሪደር ላይ ነው፤ ክንዷ ላይ የታጠበ አንሶላ ጥላ፣ የሳሎኑን በር ልትገፋ እጇን ዘርግታ። ተናጋሪው የባሏ ልጅ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር እያሰረ ለእህቱ ነው የሚያወራው። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፣ አልተቆጣም፤ ዛሬ ዝናብ የሚጥል ይመስላል እንደሚል ሰው ነው ያለው። የቆረጣት ይኸው ነው። በንዴት የተባለ ነገር ቢሆን ኖሮ ንዴቱ ሲበርድ አብሮ ይበርዳል ትል ነበር። ይህ ግን በሰከነ መንፈስ ተወስኖ ያለቀ፣ ማኅተም የተመታበት ነገር ነው። «ያንቺን ማታ ስመጣ ቤተሰቡ ላይ አስገባልሻለሁ፤ እስከዚያ ታገሺ» አለና ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ሰፊዋ ወደ ጓዳ ተመለሰች፣ አንሶላውንም ሳታጥፈው እንዳለ ቁም ሳጥን ውስጥ ወተፈችው። በሕይወቷ አንሶላ ወትፋ አታውቅም።

ወደዚህ ቤት ከመጣች ዓመት አልፏታል። ሠፈሩ ሁሉ «ሰፊዋ» ነው የሚላት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወገብና ትከሻ ስትለካ ኖራ፣ ትዳር የሚባለውን ነገር ረስታው፣ እሱም የረሳት መስሏት ሳለ፣ አንድ ቀን አንድ ጡረታ የወጣ ቀያሽ የሱሪ ዚፕ ሊያስቀይር መጣ። ዚፑ ከተቀየረ በኋላም መመላለሱን አልተወም። አንዴ ቁልፍ ተነቅሎብኝ ነው ይላል፣ አንዴ ገበሩ ተተርትሮ ነው ይላል፤ ኋላ ስታስተውል ቁልፎቹን የሚነቅላቸው ራሱ ኖሯል። ተጋቡ። ቀያሹ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት የደረሱ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ወንዱ ኢንሹራንስ ቢሮ ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ግን የሚበራና የሚጠፋ ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ስለሆነ አባቱ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ ግማሹ አድናቆት ነው፣ ግማሹ ሽሙጥ። ሴቷ ነርስ ናት። ሌላ ከተማ ተመድባ ስትሠራ ቆይታ በዚህ ሳምንት ተመልሳ መጥታለች፣ አንድ ትልቅ ሻንጣና አንድ አዲስ ላፕቶፕ ይዛ። ሁለቱም ሰፊዋን «እትዬ» ነው የሚሏት፣ በአንቱታ። ይህ አንቱታ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አክብሮት ይመስላት ነበር።

እሷም በዚህ ቤት እግሯን አሳስታ አታውቅም። ሶፋው ከነበረበት አልተነሳም፤ መጋረጃው ቀለሙ ባይጥማትም አልተቀየረም። ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው የሟቿ ፎቶግራፍ እንዳለ ነው። መስታወቱን በየሳምንቱ የምትወለውለው ራሷ ናት፤ ስትወለውልም «እንደምን አደርሽ» ማለት ለምዳለች። ያንን ሰውዬ ሲያኮርፍ ያዩ ሁለት ሴቶች መግባባታቸው አይቀርም። ታዲያ ይህን ሁሉ ተጠንቅቃ፣ ይህን ሁሉ ለስልሳ፣ እንግዳ! እንግዳም ቢሆን ይሄዳል፤ እሷ መሄጃ እንኳ የላትም፣ የተከራየችውን ክፍል ለቃ፣ የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና ነው የመጣችው።

ቁርስ ላይ ነርሷ ስልኳን ትነካካለች። ቀያሹ እንደ ልማዱ ዳቦውን በቢላ እኩል ለእኩል ይቆርጣል፤ ሠላሳ ዓመት መሬት ሲያካፍል የኖረ ሰው ዳቦ ላይም ድንበር ሳያበጅ አይበላም። ሰፊዋ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንስታ አጠገቡ ቆመች።

«ይደገምዎ?» አለችው።

ቀያሹ ቢላውን አስቀመጠ። ሰፊዋ ባሏን አንቱ የምትለው ስትቆጣ ብቻ ነው፤ ቁጣዋ በጨመረ ቁጥር ማዕረጉም ይጨምራል። አንዴ የጨርቅ መቀሷን ወስዶ ሽቦ የቆረጠበት ቀን «ክቡርነትዎ» ድረስ ደርሳ ነበር። «ይበቃኛል» አለ ቀስ ብሎ፣ ሌሊቱን ያደረገውን ነገር ሁሉ በሐሳቡ እየመረመረ። እንቅልፍ ተኝቶ እንዳደረ ነው የሚያስታውሰው።

ወደ ስፌት ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። ሥራ ነበረባት፣ ያውም የሚያጣድፍ ሥራ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሆነች ደንበኛዋ ከሰዓት በኋላ ኮቷን ልትለካ ትመጣለች፤ በማግስቱ ትልቅ ስብሰባ ላይ ንግግር የምታደርግበት ነው። ሰፊዋ ድሮ ንድፍ የምታወጣው ወፍራም ወረቀት መሬት ላይ ዘርግታ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር። ጉልበቷ እምቢ ሲል የእህቷ ልጅ ከተዘጋ ቢሮ የወጣ አሮጌ ላፕቶፕ አመጣችላትና ንድፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ጫነችላት። ማጠፊያው የተሰበረ ስለሆነ ክዳኑ እንዳይወድቅ በወፍራም ላስቲክ ወንበር ላይ ታስሯል፤ ሥራውን ግን ይሠራል። ልኬቱን ትነግረዋለች፣ እሱ ይነድፋል፣ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ወረቀቶቹ በማጣበቂያ ይቀጣጠላሉ፣ ከዚያ በኋላ መቀስ ነው። ችግሩ መታተሙ ላይ ነው። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ፕሪንተር አለ፤ አቧራውን የምትጠርገውም እሷ ናት፤ ነገር ግን ኢንጂነሩ ገና ስትመጣ «እትዬ፣ የእርስዎ ኮምፒውተር ቆየት ያለ ስለሆነ ከፕሪንተሩ ጋር አይግባቡም» ብሏት ነበር። በገመድስ ብትለው «ገመድማ ድሮ ቀረ» ብሎ ሳቀ። አመነችው። ከዚያ ወዲህ ንድፉን በፍላሽ እየያዘች መንገዱ ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ታሳትማለች።

ዛሬ ግን ኮምፒውተሩን ከፍታ ጥግ ላይ ያለችውን፣ ማራገቢያ የምትመስለውን የኢንተርኔት ምልክት ነካቻት። የጎረቤት ስም፣ የጎረቤት ስም፣ ከዚያ የዚህ ቤት። ሁለት ናቸው። በፈረንጅ ፊደል ተጽፈዋል፤ በየቀኑ ታያቸዋለች፣ አንብባቸው ግን አታውቅም፤ ሰው በየቀኑ የሚያልፍበትን ሱቅ ማስታወቂያ መቼ ያነባል? በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንደኛው «ቤተሰብ» ይላል። ሁለተኛው «እንግዳ» ይላል። የእሷ ኮምፒውተር ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ለካስ ልጁ ነገሩን በምሳሌ አይደለም የተናገረው። በጽሑፍ ነው ያደረገው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ በተማሪ ተሞልቶ ነበር። ባለቤቱን ሁሉም «ኮፒው» ይሉታል፤ ወሬ የሚወድ፣ እጁ ሲሠራ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ፍላሹን እየሰጠችው እንደ ዘበት ጠየቀችው፤ አንዲት የማውቃት ሴት አለች፣ ቤታቸው ሁለት ኢንተርኔት አለ፣ እሷን እንግዳ የሚለው ላይ አደረጓት፤ ይሄ ምን ማለት ነው? ኮፒው ሳያስብ መለሰላት። እንግዳ የተደረገ ሰው ኢንተርኔቱን ያገኛል፣ ቪዲዮም ያያል፣ የቤቱን ዕቃ ግን አያይም። ፕሪንተሩን አያይም፣ ቴሌቪዥኑን አያዝም፣ ሌላው ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ፎቶ አያገኝም። «ሰው ሲመጣብሽ ሳሎን ታስቀምጪዋለሽ እንጂ መኝታ ቤትሽን ከፍተሽ አታሳዪውም አይደል? እንደዚያ በይው» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የማትታመን ሴት ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ሰፊዋ በተማሪ ፊት እንባ ማውጣት አልፈለገችም። እጇን ሥራ ለማስያዝ ያህል ከአንገቷ የማይወርደውን ሜትር አወረደችና የታተሙትን ወረቀቶች መለካት ጀመረች። መጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ አለች። ሁልጊዜ ትወጣለች፤ ሰፊዋ የኪስ ንድፍ እየመሰላት፣ ኪሱም ለሕፃን እንኳ የማይሆን እየሆነባት፣ ቆርጣ ትጥላት ነበር። አሁን ሜትሩን ካሬዋ ላይ ስታሳርፍ ውስጧ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አየች። «ይህ ጎን አሥር ሴንቲ ሜትር መሆኑን ያረጋግጡ» ይላል። ለካች። አሥር አይሞላም፤ ዘጠኝ ተኩል ነው። ሜትሩን አዙራ በሌላው በኩል ለካች። ዘጠኝ ተኩል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ የምትሰፋው ልብስ ሁሉ እየጠበበ ነው የሚወጣው። የባንኩ ገንዘብ ያዥ ሱሪ ቆሞ ሲያዩት ሸጋ ነው፣ ሲቀመጥ ግን ከኋላው ድምፅ አወጣ፤ ሰውየው የዚያን ቀን ደንበኞቹን ሁሉ ቆሞ ነው አሉ ያስተናገደው። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ በሦስት ሰው ጉልበት ነው የተዘጋው። ሰፊዋ እጇን ጠረጠረች። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ዓይንሽ ደህና ነው ሲላት ይበልጥ ደነገጠች፤ እንግዲያው ያረጀው እጄ ነው ብላ። ሌሊት ሌሊት እየነቃች ጣቶቿን ስታጥፍ ስትዘረጋ ከርማለች።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ለምንድነው ያነሰው?» አለችው ኮፒውን።

«ያው ገጹ ላይ እንዲገባልሽ ነዋ! በቅርቡ ያመጣሁት ማሽን ጠርዝ ስለሚበላ፣ እንዳይቆረጥብሽ በትንሹ ዝቅ አድርጌልሽ ነው። ለሌላው አላደርግም፣ ላንቺ ስል ነው እንጂ።» አመስግኝኝ የሚል ፊት አሳያት። እንዳለ አትምልኝ ስትለው ሞከረ፤ ትከሻው ግማሽ ድረስ ተቆርጦ ወጣ። ዳግመኛ ሞከረ፤ አሁን ደግሞ ክንዱ ጠፋ። ከኋላዋ የቆሙት ተማሪዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ሰፊዋ ፍላሿን ነቅላ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር በልቧ የነበረው ሐዘን ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ ነበር። እንግዳ መባሉን ምናልባት ትችለው ነበር፤ በእንግድነቷ ምክንያት ግን የሰው ሱሪ ተቀዷል።

ቀያሹ ኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር። ዴስክቶፑ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የሸለመው ነው፤ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ኢንተርኔት በአየር መያዝ ስለማይችልም ኋላው ላይ ኢንጂነሩ የጣት ጥፍር የምታህል መያዣ ሰክቶለታል። ሰውየው በዚህ ኮምፒውተር የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ከሰማይ የተነሳ የሠፈሩን ካርታ ይከፍትና የጎረቤቶቹን አጥር በመስመር እየለካ ማን ስንት ክንድ እንደገፋ ያጣራል። ለማንም አይናገርም፤ ማወቁ ብቻ ይበቃዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይህ ቤት ስንት ኢንተርኔት አለው?»

ቀያሹ ወንበሩን አዞረ። «አንድ። ማለት… አንድ ሳጥን ነው።»

«እኔ ሁለት ነው ያየሁት። አንዱ የእርስዎና የልጆችዎ፣ አንዱ የእኔ።» ፍላሿን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «አሁን ጠብ አልፈልግም። ይህን ከእርስዎ ኮምፒውተር ያትሙልኝ። ፕሪንተሩ ከእርስዎ ጋር ይግባባል መቼም።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ፕሪንተሩ ቀለም የጨረሰ ይመስለኛል አለ። ሰፊዋ ባለፈው ሳምንት ነው የተቀየረው አለችው። እንግዲያው ወረቀት የለም አለ። ወረቀት በእጇ ይዛለች። እንግዲያው ጀርባዬን ያመኛል፣ ትንሽ ልረፍና አለ፤ ጀርባውን የሚያመው ደግሞ ሲዋሽ ብቻ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሰፊዋ የቀረው ነገር ሁሉ ገባኝ ብላ አሰበች። አባትና ልጅ ተመካክረውበታል። እንባዋ መጣ። እንዳያያት ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች፤ ዓይኗም የስክሪኑ ጥግ ላይ አረፈ። የማራገቢያዋ ምልክት እዚያም አለች። አጠገቧ የተጻፈውን አሁን ለማንበብ ጣት አላስፈለጋትም።

«እርስዎም?» አለች።

ቀያሹ አንገቱን ደፋ። «እኔም» አለ።

«የገዛ ቤትህ ውስጥ?» አንቱታው ከመደንገጧ የተነሳ ወደቀ።

«ቴሌቪዥኑ ቤተሰብ ነው» አለ ቀያሹ በተሰበረ ድምፅ። «ፕሪንተሩ ቤተሰብ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ። ልጁ አያውቅም፣ እንዳትነግሪው። ፓስወርዱን ሲነግረኝ ገባልኝ አልኩት። አልገባልኝም። ያኔውኑ እምቢ አለኝ፣ በነጋታውም ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። እንግዳው ቀላል ነው፣ ቁጥር ብቻ ነው። ምን ቸገረኝ አልኩና…»

«እና ፓስወርዱን ደግመህ አትጠይቀውም?»

ቀያሹ የኪቦርዱን አቧራ በጣቱ መጥረግ ጀመረ። ነርሷ የአባቷን ድምፅ ሰምታ ፀጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች በሩ ላይ ደረሰች፤ ላፕቶፗን አቅፋለች። ቀያሹ አንዴ ሴት ልጁን አንዴ ሚስቱን አየና፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረው። «ፓስወርዱ ቁንጅዬ ነው።»

ቁንጅዬ ማለት ግድግዳው ላይ ያለችው ሴት ናት። ቀያሹ በቁልምጫ የሚጠራት እንደዚያ ነበር፤ ልጆቹም ከአፉ ሰምተው እማዬ ማለቱን ትተው ቁንጅዬ እያሏት አደጉ። ሰፊዋ ይህን ታውቃለች። የማታውቀው፣ ሰውየው ያን ስም ለመጻፍ ተቸግሮ በቤቱ እንግዳ ሆኖ መኖሩን ነው። ከዚያ ነርሷ ፎጣዋን አስተካክላ፣ «በምንድነው የጻፍከው? ቁ እኮ በኪው ነው» አለች።

«በኬ ነው እንጂ!»

«አባዬ፣ ኬ ከሆነ ኩንጅዬ ነው የሚሆነው።»

«እናትሽን ኩንጅዬ ብዬ የምጠራ ሰው ነኝ እኔ?»

እንዲህ ተጀመረ። ነርሷ በላፕቶፗ በኪው ጻፈች፣ እምቢ አለ። ቀያሹ በኬ አስጻፋት፣ እምቢ አለ። መጨረሻው ዋይና ኢ ነው ተባለ፤ የለም፣ መሐሉ ላይ አይ ይገባል ተባለ፤ ከዚያ ሁሉም ፊደል ትልቅ ይሁን ተባለ። ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሕይወቷ አይታት የማታውቀውን ሴት ስም እንዴት እንደሚጻፍ አስተያየት መስጠት ነውር ይሁን አይሁን ስታመነታ ቆይታ፣ በመጨረሻ «ዩዋን ሁለት ብታደርጓትስ» አለች። አደረጓት። እምቢ አለ። ነርሷ ትዕግሥቷ አለቀና ለወንድሟ ደወለች። ስብሰባ ላይ ነኝ ብሎ ሲያንሾካሹክ ይሰማል። «ስብሰባህን ተወው! እትዬ ሲያለቅሱ ነው የዋሉት፣ ሥራቸው ቆሟል፣ የእናታችንን ስም እንዴት ነው የጻፍከው?» ብላ ጮኸችበት። ስልኩ ተዘጋ። ሰፊዋ «የት አየሽኝ ሳለቅስ?» አለች። ነርሷ፣ «አላለቀሱም?» ስትላት ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገች።

ኢንጂነሩ በምሳ ሰዓት ላቡ እየተንቆረቆረ ደረሰ። ክራቫቱ ትከሻው ላይ ዞሯል። ሦስቱ በአንዲት ኮምፒውተር ፊት ተደርድረው ሲያያቸው በሩ ላይ ቆመ፤ ዓይኑን ከሰፊዋ ዓይን አሸሸ። እሷም ጠዋት ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፣ ረጅም፣ ብዙ አንቀጽ ያለው። ልጁን ስታየው ንግግሩ ሁሉ ጠፋባት።

«‹ቤተሰቡ ውስጥ ላስገባቸው አልፈለግኩም› ስትል ሰምቼሃለሁ» ነው ያለችው።

«እሱን… እትዬ፣ ስለ ዋይፋዩ እኮ ነው!»

«አሁን አውቄያለሁ። ጠዋት አላወቅኩም ነበር።»

ልጁ ክራቫቱን ፈታ፣ እንደገና አሰረ፣ እንደገና ፈታ። «ምን ልበልዎት ነበር?» አለ በመጨረሻ። «ገና ቤታችን ሲገቡ፣ ሻንጣዎ ሳይፈታ፣ ‹እትዬ፣ እዚች ጋ የእናቴን ስም ይጻፉ› ልበልዎት? ሆን ብዬ የምነካካዎት መስሎ ይታየኛል። ልቀይረው ብዬም ነበር። ልቀይረው ስል ደግሞ እሷን ከቤት ያስወጣኋት መሰለኝ። እንግዳው ይሻላል፣ ስም የለበትም ብዬ…» አላስጨረሰውም ድምፁ። «አሁን እቀይረዋለሁ። የፈለጉትን ይበሉኝና እሱን አደርገዋለሁ።»

ሰፊዋ ይህን ሰው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ አድርጋ ነበር የምታየው፤ አሁን ፊቷ የቆመው የትምህርት ቤት ቦርሳ ቢሰጡት የሚያነግት ልጅ ነው። ተነስታ ላስቲክ የታሰረበትን ላፕቶፗን ከነወንበሩ አመጣች። «ተው፣ አትቀይረው» አለች። «እኔ በየሳምንቱ እንደምን አደርሽ እላታለሁ፣ ስሟን መጻፍ አያቅተኝም። ፊደሉን ብቻ ንገረኝ።»

ኢንጂነሩ አጠገቧ ተንበረከከ። «ኬ» አለ። ቀያሹ ነርሷን በድል አድራጊነት አያት። «ዩ። ኤን። ጄ።» ሰፊዋ በአንድ ጣቷ እየፈለገች ትመታለች። «ጄ።»

«ጄን መታኋት።»

«አዎ። አንድ ጊዜ ደግሞ።»

«ሁለት ጄ?» አለ ቀያሹ። «ለምንድነው ሁለት ጄ?»

ልጁ ወለሉን አየ። ኢንተርኔቱ የገባው ቀብሯ በሆነ ሳምንት ነው፤ ቀጠሮው ቀድሞ የተያዘ ስለነበር ሠራተኞቹ ሳጥናቸውን ይዘው ደረሱ፣ የሚመልሳቸውም ሰው አልነበረም። ፓስወርዱን ምን እናድርገው ሲሉት በአፉ የመጣለት እሱ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጄዋን ሁለቴ ነካት። ኋላ ላስተካክል ሲል ደግሞ ፕሪንተሩን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ሁሉንም እንደገና ማገናኘት ሆነበት፤ ተወው። ለአባቱ ሲነግረውም «ያው ቁንጅዬ በል» ነው ያለው፤ በስህተት የተጻፈ መሆኑን መናገር አሳፈረው።

ቀያሹ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ስድስት ዓመት!» አለ። «ስድስት ዓመት የገዛ ሚስቴን ስም መጻፍ ያቃተኝ፣ የረሳኋት፣ የጃጀሁ መስሎኝ! በየቀኑ ማለዳ በወረቀት ላይ እጽፋት ነበር እኮ፣ እንዳትጠፋብኝ!» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልጆቹ አባታቸው ሊያለቅስ ነው ብለው ደነገጡ፤ ሰውየው ግን ከሆዱ የወጣ ትልቅ ሳቅ ነው የለቀቀው፤ ነርሷ ተከተለችው፣ ከዚያ ኢንጂነሩ፣ እንባና ሳቁ እየተደባለቀበት። ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። ምላሷን በጥርሷ ይዛ የቀሩትን ፊደሎች እየፈለገች ነበር። የመጨረሻዋን ስትመታ ማራገቢያዋ ትንሽ ተሽከረከረች፣ ቆመች፣ በራች። ኢንጂነሩ ፕሪንተሩን አገናኘላት፣ እሷም አትም የሚለውን ነካች፤ ወዲያው ሳሎን ውስጥ ፕሪንተሩ ማንም ሳይነካው ጮኸና ወረቀት መትፋት ጀመረ። አራቱም እየተገፋፉ ወደዚያ ሄዱ። ሰፊዋ የመጀመሪያዋን ገጽ አንስታ ሜትሯን ካሬዋ ላይ አሳረፈች። «አሥር» አለች። ማንም ምን ማለቷ እንደሆነ ባይገባውም ሁሉም አጨበጨበ።

የቀረውን ጊዜ መቀስና መርፌ በላው። ነርሷ ወረቀቶቹን አጣበቀች፤ ሐኪም ቤት የለመደች ስለሆነ ፕላስተር አለጣጠፏ ቀጥ ያለ ነው። ኢንጂነሩ የአባቱን ኮምፒውተር ቤተሰብ አድርጎ፣ የእህቱንም አስገብቶ፣ እየሮጠ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሰፊዋ ኮቱን ለልክ ያህል ጣል ጣል አድርጋ ሰፍታ ሳትጨርስ ዳይሬክተሯ ደረሰች። ቁመተ ረጅም፣ ደረቷን ነፍታ የምትራመድ፣ ስትናገር ሰው ተሰልፎ የሚሰማት ሴት ናት። ዛሬ ግን ፊቷ ትንሽ ገርጥቷል፤ ወንበር ስታይ ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

«ባለፈው ቀሚሱ አልገባ ሲለኝ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ?» አለች እያለከለከች። «‹ትንሽ ጨምረሻል መሰለኝ› አልሽኝ። ቆረጥኩ። ዳቦ ካየሁ ወር ሆነኝ። እራት ትቻለሁ፤ ምሳዬ ቅጠል ነው። ትምህርት ቤት ደረጃውን በየእረፍቱ እወጣለሁ እወርዳለሁ፣ ተማሪዎቹ ቁጥጥር መስሏቸው ጨዋ ሆነዋል። ነይ፣ ልበሰውና እይ!»

ለበሰችው። ኮቱ ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ በታች ግን ሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስል ክፍት ሆኖ ቀረ። ሁለት እጅ ከውስጡ ቢገባ ቦታ አለው፤ ሰፊዋ የቆረጠችው በድሮው ልኳ ነው። ዳይሬክተሯ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች፣ ግራ በመጋባት ወደ ሰፊዋ ዞረች። ሰፊዋ ሸፋፍና ማለፍ ትችል ነበር፤ እሰይ ቀነስሽ፣ በልክሽ ላጥብበው ማለት ብቻ ነው። ግን ጠዋቱን ሙሉ ተሸፋፍኖ የኖረ ነገር ምን እንደሚያደርግ አይታለች። ተናገረች። ፎቶ ኮፒ ቤቱን፣ ካሬዋን፣ ዘጠኝ ተኩሏን፣ ሁሉንም ነገረቻት።

«ማለት» አለች ዳይሬክተሯ ቀስ ብላ፣ «እኔ አልወፈርኩም ነበር?»

«ልብሱ ነው የቀጠነው።»

«እና ያ ሁሉ ቅጠል?»

ሰፊዋ ዓይኗን ሰበረች። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ። ኮቱን አሁኑኑ ላጥብበው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም፣ ለነገ ይደርሳል» ብላ እስፒሎቿን አንስታ ተጠጋች። ዳይሬክተሯ እጇን ያዘቻት። ደጋግማ በመስታወቱ አየች፤ ኮቱን በሁለት እጇ ከፊቷ ዘረጋችው፣ ስፋቱን መዘነችው፣ ጨርቁን ዳሰሰች። በዚህ መሐል ነርሷ ሻይና አዲስ የተቆረጠ ዳቦ በትሪ ይዛ ገባች፤ ቀያሹ እኩል ለእኩል የቆረጠው ነው። የዳቦው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ዳይሬክተሯ ዓይኗ ትሪው ላይ እንደቀረ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«አትንኪው» አለች ሰፊዋን። «እሞላዋለሁ።»